ሃይላንዱን ያዞረችው ምድር አይደለችም፤ ምድርንም ግን ማየት ትችላለህ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አዲስ አበባ ቤቱ ውስጥ የፉኮን ፔንዱለም፣ ማለትም ምድር መዞሯን የሚያሳየውን በገመድ ተሰቅሎ የሚወዛወዝ ክብደት፣ ሊሠራ ሞከረ። አሸዋ የሞላበትን ሃይላንድ በ3 ሜትር ሲባጎ አስሮ ከጣሪያ መንጠቆ ላይ ሰቀለው። 30 ሴንቲሜትር ያህል ሳበና ለቀቀው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚወዛወዝበት መስመር 20 ዲግሪ ገደማ ዞሮ አገኘው፤ ያውም በሰዓት አዟዟር ተቃራኒ። እሱ ያነበበው ግን ፔንዱለሙ በ24 ሰዓት አንዴ እንደሚዞር፣ እኛ ባለንበት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ደግሞ በሰዓት አዟዟር እንደሆነ ነው። ጓደኛው «ይሄ የገመዱ ሥራ ነው፣ ስለ ምድር የሚነግርህ ነገር የለም» አለው። «ማናችን ነን ትክክል?» ብሎ ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ይህን ሙከራ ይጀምርና ቁጥሩ እምቢ ሲለው ይተወዋል። ወይም መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ገልብጦ ያስረክባል። አንተ ያየኸውን ጻፍክ። አቅጣጫው እንኳ ተቃራኒ መሆኑን አልደበቅክም። መልሱንም ያገኘሁት እዚያው አንተ በጻፍከው ውስጥ ነው።

አጭሩ መልስ፦ ስለ 20 ዲግሪው ጓደኛህ ለእውነቱ ይቀርባል፤ እሱን ያመጣችው ምድር አይደለችም። «ስለ ምድር የሚነግርህ ነገር የለም» ያለው ላይ ግን ተሳስቷል። ምድር እዚያው ሃይላንድ ላይ ሥራዋን እየሠራች ነበር። ችግሩ አዲስ አበባ ላይ የእሷ ድርሻ በሰዓት 2.4 ዲግሪ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። በግማሽ ሰዓት 1.2 ዲግሪ። ሌላ ነገር መጥቶ ዋጠው።

አሁን ወደ ረጅሙ እንግባ።

ግራ ያጋባህ 24 ሰዓቱ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ይህ ቁጥር የሚሠራው ዋልታ ላይ ብቻ ነው። ዋልታ ላይ ፔንዱለም ብትሰቅል ወለሉ ከሥሩ እንደ ምጣድ ክዳን ዙሪያውን ይዞራል፣ ፔንዱለሙ የራሱን መስመር ይዞ ይቀራል፣ አንተም ከወለሉ ጋር አብረህ ስለምትዞር የዞረው ፔንዱለሙ ይመስልሃል። አንድ ሙሉ ዙር 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይፈጃል። በ2001 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ደቡብ ዋልታ ላይ ያለው የአሙንድሰን ስኮት ጣቢያ ሰዎች በትክክል ሞክረውታል። ገና በግንባታ ላይ በነበረ ሕንፃ ደረጃ መሃል 33 ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም ሰቀሉ። የአንድ ዙሩ ጊዜ፣ ከልኬታቸው ስህተት ጋር፣ 24 ሰዓት ገደማ ወጣላቸው።

ከዋልታው እየራቅክ ስትመጣ ነገሩ ይቀየራል። ለምን የሚለውን ብዙ መጽሐፍ «ሳይን» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን በወለልህ ላስረዳህ።

የክፍልህን ወለል አስብ። የደቡቡ ጠርዝ ከሰሜኑ ጠርዝ ይልቅ ለምድር ወገብ ይቀርባል። ስለዚህ ከምድር ዛቢያ ትንሽ ይርቃል። በቀን የሚዞረው ክብም በዚያው ልክ ትንሽ ይሰፋል። ክቡ ሰፋ፣ ጊዜው ግን ያው አንድ ቀን ነው፤ እንግዲህ የደቡቡ ጠርዝ ፈጠን ማለት አለበት። አዲስ አበባ በሞላዋ ወደ ምሥራቅ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ትከንፋለች። ከዚያ ሁሉ ፍጥነት ውስጥ፣ 1 ሜትር ተራርቀው በሰሜንና በደቡብ ባሉ ሁለት የወለልህ ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት በሰዓት 4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። አራት ሴንቲሜትር። ወለልህን የምትጠመዝዘው ይህች ናት። በ1 ሜትር ላይ 4 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ነገር መቅደም ወደ ዲግሪ ሲቀየር 2.4 ገደማ ይሆናል፤ የጠቀስኩልህ ቁጥር ከዚህ መጣ።

ደቡቡ ወደ ምሥራቅ ስለሚቀድም፣ ከላይ ሆነህ ብታየው ወለሉ በሰዓት አዟዟር ተቃራኒ ይዞራል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ለቆምከው ለአንተ ፔንዱለሙ በሰዓት አዟዟር የሚዞር ይመስልሃል። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ሁሉም ይገለበጣል።

ፓሪስ ላይ ያው የ1 ሜትር ልዩነት በሰዓት 20 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ዋልታ ላይ 26። ምድር ወገብ ላይ ዜሮ። እዚያ ወለሉ ወደ ምሥራቅ ይነጉዳል፣ እየነጎደም ያዘነብላል፣ ግን አይጠመዘዝም። ፔንዱለሙም በለቀቅከው መስመር ላይ ይቀራል።

ይህን በቀመር ስታስቀምጠው በሰዓት 15.04 ዲግሪ ሲባዛ በኬክሮሱ (ቦታው ከምድር ወገብ በዲግሪ ያለው ርቀት) ሳይን ነው። የአዲስ አበባ ኬክሮስ 9 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሳይኑ 0.157 ይሆናል። አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ 152 ሰዓት፣ ማለትም 6 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። አክሱም ላይ 4 ቀን ገደማ ይበቃል። ሞያሌ ከወረድክ ወደ 16 ቀን ይጠጋል። ናይሮቢ ደግሞ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ስለሆነች አቅጣጫው ይገለበጥና አንዱ ዙር ከወር በላይ ይፈጃል። ውጭ ያላችሁ ብትሞክሩት ዕድለኞች ናችሁ፦ ኢየሩሳሌም 45 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ዲሲ 38 ሰዓት ገደማ ነው። ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ የኔዘርላንድስ መንግሥት በ1955 የሰጠው ፔንዱለም አለ። የሚዞረው በ36 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አካባቢ ነው። በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ቆም ብሎ ቢያየው አይቆጭም።

አንድ ሌላ ነገር ላስተካክል፣ በጣም ስለተስፋፋ። «ፔንዱለሙ ከከዋክብቱ አንጻር አቅጣጫውን ጠብቆ ይቆያል፣ ምድር ከሥሩ ትዞራለች» ይባላል። ዋልታ ላይ እውነት ነው። ሌላ ቦታ አይደለም። እንዲህ ብለህ ፈትነው፦ እውነት ቢሆን ኖሮ ምድር አንድ ዙር ስትጨርስ ፔንዱለሙም መጀመሪያ በነበረበት መስመር ላይ መገኘት ነበረበት። አዲስ አበባ ላይ ግን ከአንድ ሙሉ ቀን በኋላ 56 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚዞረው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ገመዱ ሁልጊዜ ወደ ታች መንጠልጠል አለበት፤ «ታች» ራሱ ደግሞ ምድር ስትዞር አቅጣጫውን ይቀይራል። ስለዚህ ፔንዱለሙ የከዋክብቱን አቅጣጫ እንዳለ ሊይዝ አይችልም። የሚችለው ራሱን በቁመቱ ዙሪያ አለመጠምዘዝ ብቻ ነው። እሱን በታማኝነት ይጠብቃል።

ይህን ጉዳይ ፉኮ ራሱ ተጨንቆበታል። ሊዮን ፉኮ በ1819 ፓሪስ ተወለደ። መጀመሪያ ሕክምና ሊማር ገብቶ የደም ነገር ስላልሆነለት ተወው። የፔንዱለሙ ሐሳብ የመጣለት መቅረጫ ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ የጨበጠው ቀጭን የብረት ዘንግ ሲርገበገብ አየ። ማሽኑ ዘንጉን ሲያዞረውም የሚርገበገብበት አቅጣጫ አልዞረም። ከዚያ በጥር 1851 በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ 2 ሜትር ሽቦ ላይ 5 ኪሎ ኳስ ሰቀለ። በመጀመሪያው ሙከራ ሽቦው ተበጠሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ኳሱ ሲዞር አየው። በየካቲት በፓሪስ የሥነ ፈለክ ተቋም 11 ሜትር ሽቦ ሰቅሎ ሳይንቲስቶቹን «ምድር ስትዞር እንድታዩ ተጋብዛችኋል» አላቸው። ይህ ግብዣ ሁሌ ደስ ይለኛል።

በመጋቢት መጨረሻ ደግሞ ፓንቴዮን በሚባለው የፓሪስ ታላቅ ሕንፃ ጉልላት ሥር ታላቁን ሰቀለው። ሽቦው 67 ሜትር፣ ኳሱ 28 ኪሎ። ሄዶ ለመመለስ 16 ሰከንድ ከምናምን ይፈጅ ነበር። ዙሪያውን እርጥብ አሸዋ ተከመረ፤ ከኳሱ ሥር ያለው ሹል ጫፍ በተመለሰ ቁጥር አሸዋውን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ይቆርጠው ነበር። ሕዝቡ በዓይኑ አየ። እውነት ነው፣ በ1851 ምድር አትዞርም የሚል የተማረ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። እስከዚያ የነበረው ማስረጃ ግን በአብዛኛው ከሰማይ የመጣ ነበር። ፉኮ ማስረጃውን ወደ ቤት ውስጥ አስገባው። መስኮቱን ዘግተህ፣ ሰማዩ በክረምት ደመና ተሸፍኖ እንኳ፣ የቆምክባት ነገር እየዞረች መሆኑን ታውቃለህ። ለእኔ የዚህ ሙከራ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ሳይኑ ያስቸግራል ብሎም በቀጣዩ ዓመት፣ በ1852፣ በየትኛውም ኬክሮስ የከዋክብቱን አቅጣጫ ይዞ የሚቆይ መሣሪያ ሠራ። ጋይሮስኮፕ ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ አንተ ሃይላንድ።

20 ዲግሪውን ያመጣው ሞላላው ነው። ልብ ብለህ አይተህ ከሆነ ሃይላንዱ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ቀጥ ባለ መስመር መወዛወዙን ትቶ ቀጭን ሞላላ መሥራት ይጀምራል። መሃል ላይ ሲደርስ ከነጥቡ በላይ አያልፍም፤ ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ያልፋል። ይህ ሞላላ ራሱ ይዞራል። ምድር ባትዞር እንኳ ይዞራል። ምክንያቱ ፔንዱለም ሰፋ አድርጎ ሲወዛወዝ ትንሽ ስለሚዘገይ ነው። በረጅሙ አቅጣጫ የሚሄደው እንቅስቃሴ በአጭሩ አቅጣጫ ከሚሄደው ጋር እኩል አይመጣም፤ ልዩነቱ ዙር በዙር ሞላላውን ያዞረዋል። የሚዞረው ደግሞ ሃይላንዱ ሞላላው ላይ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ሃይላንዱ በሰዓት አዟዟር ከሄደ ሞላላውም እንደዚያው፤ በተቃራኒው ከሄደ በተቃራኒው። ያንተ ተቃራኒ የሆነው ለዚህ ነው። ምድር አቅጣጫዋን አልቀየረችም።

ቁጥሩን እንየው፣ ያስደነግጣል። ርዝመት 3 ሜትር፣ ከመሃል እስከ ጫፍ 30 ሴንቲሜትር፣ ሞላላው ደግሞ መሃል ላይ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢል፣ መዞሩ በሰዓት 47 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በግማሽ ሰዓት 23። አንተ 20 ነው ያገኘኸው። ውዝዋዜው እየደከመ መሄዱንና ሞላላው ቀስ በቀስ መስፋቱን ጨምረህ ስታስበው ሒሳቡ ካንተ ልኬት ጋር ደህና አድርጎ ይገጥማል። ሞላላው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ በሰዓት 4.7 ዲግሪ ይሰጥሃል፤ ምድር አዲስ አበባ ላይ ከምትሰጥህ እጥፍ። በሚወዛወዝ ሃይላንድ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን አይለይም። ጠንቃቃ ሰዎች ጭምር የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

ታዲያ ሞላላው ከየት መጣ? ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ እጅህ ነው። ስትለቀው ትንሽ ወደ ጎን ገፋ ካደረግከው በቃ። ሁለተኛው፣ እኔ በጣም የምጠረጥረው፣ መንጠቆው ነው። ሲባጎው መንጠቆ ላይ ሲታሰር በአንዱ አቅጣጫ ሲወዛወዝ ብረቱ ላይ ይንከባለላል፣ በሌላው አቅጣጫ ግን ቋጠሮው ይዞት ዝቅ ካለ ቦታ ይታጠፋል። ስለዚህ ፔንዱለምህ አንድ ርዝመት የለውም፣ ሁለት ነው ያለው። ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል አግድም የለቀቅከው ቀጥ ያለ መስመር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ክብ የተጠጋ ነገር ይሆናል። በሌላ አነጋገር መንጠቆህ ሞላላ ማምረቻ ነው። ሲባጎም ተገምዶ የተሠራ ስለሆነ በሁሉም ጎን እኩል አይታጠፍም። እኔም መጀመሪያ ዘመኔ አንድ ግቢ ውስጥ በተገመደ የብረት ገመድ ሞክሬ ሁለት ቀን ሙሉ በየሰዓቱ የተለያየ ቁጥር እየጻፍኩ ደክሜያለሁ። ገመዱን በነጠላ ሽቦ ስቀይረው ነው ነገሩ የተስተካከለው።

ጓደኛህ «የገመዱ ሥራ ነው» ሲል ምናልባት ሌላ ነገር አስቦ ይሆናል፦ የተሰቀለበት ጣሪያ ከምድር ጋር ስለሚዞር ገመዱ እየተጠመዘዘ ፔንዱለሙን ያዞረዋል የሚል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ለማረጋገጥም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቁልፍ በክር አስረህ አወዛውዘው። ከዚያ ክሩን ከላይ በጣቶችህ አሽከርክረው። ቁልፉ ራሱን ሲያሽከረክር ታያለህ፣ የሚወዛወዝበት መስመር ግን ንቅንቅ አይልም። ከቻልክ ደግሞ የሚሽከረከር ወንበር ላይ አንድ ማቆሚያ አቁመህ ቁልፉን እዚያ ላይ ስቀልና ወንበሩን ቀስ ብለህ አዙረው። ቁልፉ ወደ መስኮቱ ይወዛወዝ ከነበረ ወንበሩ ዞሮም ወደ መስኮቱ ይወዛወዛል። ፉኮ ማሽኑ ላይ ያየው ይህን ነው። ለጓደኛህ አሳየው፣ አትከራከሩ።

ምድር የምትገፋው ኃይል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ማወቁ ጥንቃቄውን ያስተምርሃል። የወንዶች ውርወራ አሎሎ 7.26 ኪሎ ነው። እሱን በ20 ሜትር ሽቦ ሰቅለህ ግማሽ ሜትር ስበህ ብትለቀው፣ አዲስ አበባ ላይ መሃሉን ሲያልፍ ምድር ወደ ጎን የምትገፋው ኃይል የ6 ሚሊ ግራም ክብደት ያህላል። ሃያ ገደማ የጤፍ ፍሬ ማለት ነው። ሰባት ኪሎ ብረት ላይ ሃያ ፍሬ ጤፍ። በር ተከፍቶ የሚገባ ነፋስ፣ የመንጠቆው መዛነፍ፣ የእጅህ መንቀጥቀጥ ከዚያ ከበለጠ ምድር አትሰማም። ግን አስተውል፣ የጤፉ ግፊት ሁልጊዜ በሚሄድበት በስተቀኝ በኩል ነው፤ ሲሄድም ሲመለስም። ስለዚህ አይጠፋፋም፣ ይጠራቀማል።

በነገራችን ላይ ምድር ወገብ መስመር ላይ፣ ለምሳሌ ኬንያ ናንዩኪ ውስጥ፣ ለጎብኚዎች የሚታየው የሳህን ውኃ ትርኢት አለ። ከመስመሩ ወዲህ ሲሆን ውኃው በአንድ በኩል፣ ወዲያ ማዶ ሲሆን በሌላ በኩል ዞሮ ይወርዳል። ጥቂት ሜትር ወዲህና ወዲያ ብሎ ይህን ለማየት አይቻልም፤ እዚያ ያለው የምድር ድርሻ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ውኃውን የሚያዞረው አፈሳሱ ነው። ያንተን ሃይላንድ ያዞረው መንጠቆው እንደሆነው ማለት ነው።

አሁን እንዴት አድርገህ በትክክል ታየዋለህ?

ዋናው ነገር ርዝመት ነው። ሞላላው የሚያመጣው ስህተት ፔንዱለሙ ሲረዝም በጣም በፍጥነት ይቀንሳል። 20 ሜትር ሽቦ ላይ፣ ከመሃል ግማሽ ሜትር ስበህ፣ ሞላላው 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስህተቱ በሰዓት 0.07 ዲግሪ ገደማ ነው። ከምድር 2.4 አንጻር ምንም ማለት ነው። ስለዚህ 3 ሜትር ጣሪያ ሥር ጊዜህን አታቃጥል። ስድስት ሰባት ፎቅ ያለው ሕንፃ ፈልግ፤ ደረጃው መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች ክፍተት ያለው። አስፈቅድ። ከሥሩም ሰው እንዳያልፍ በወንበርና በገመድ አጥር፤ ሽቦ ይበጠሳል፣ የፉኮም ተበጥሷል። በአጭር ፔንዱለም የሠራ ሰው የለም እንዳልልህ፣ ካመርሊንግ ኦነስ የተባለው ሆላንዳዊ በ1879 የመመረቂያ ጥናቱን በዚሁ ጉዳይ ላይ ሲሠራ ከአየር ባዶ በሆነ ዕቃ ውስጥ በ1.2 ሜትር ገደማ ፔንዱለም ተሳክቶለታል። እሱ ግን በኋላ ሂሊየምን ፈሳሽ ያደረገና በ1913 ኖቤል የተሸለመ ሰው ነው። እኛ ደረጃ እንፈልግ።

ክብደቱ ክብና ከባድ ይሁን። አሎሎ ከስፖርት መምህርህ ብትዋስ ከሁሉ የተሻለ ነው። ሃይላንድ ሰፊ ስለሆነ አየር ቶሎ ያደክመዋል፣ ሲዞርም ቅርጹ እኩል አይደለም። ሽቦው ነጠላ የብረት ሽቦ ይሁን፣ ያልተገመደ፣ ያልተጣመመ። ከላይ በመንጠቆ አትስቀለው። ድሪል መሰርሰሪያውን እንደሚጨብጠው ያለ፣ ሽቦውን በሁሉም ጎን እኩል ጨብጦ የሚይዝ ነገር ተጠቀም፤ ይህ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ወሳኝ ነው። የያዘውም ነገር በማይነቃነቅ ብረት ወይም ኮንክሪት ላይ ይታሰር። ሰቅለህ ስትጨርስ ደግሞ እንዳለ ለአንድ ቀን ተወው። ሽቦው ይለጠጣል፣ መጠምዘዙንም ይጨርሳል።

አለቃቀቁ። በእጅህ አትልቀቀው። አሎሎውን በስፌት ክር ወደ ጎን ስበህ ከምሰሶ ጋር እሰረው። ፍጹም ጸጥ እስኪል ጠብቅ፤ አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ። ከዚያ ክሩን በክብሪት አቃጥለው። ፉኮም ያደረገው ይህንኑ ነው። ክሩ ሲበጠስ ወደ ጎን የሚገፋ ነገር አይኖርም።

ልኬቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። በግማሽ ሰዓት 1.2 ዲግሪ ማለት ከመሃል ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ 1 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ይህ በደንብ ይታያል። ወለሉ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፍ፣ መሃሉን በቱንቢ አግኝ፣ መስመሩን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አስምር። በየ10 ደቂቃው ጫፎቹን ምልክት አድርግ፣ ሁለቱንም በኩል። መሃል ላይ ሲያልፍ ወደ ጎን የሚለውንም ለካ፤ ሞላላው በየት በኩል እንደሚዞር ጻፍ። መስኮትና በር ዝጋ።

አንድ ሙከራ ደግሞ አይበቃም። አራት አቅጣጫ ላይ ሞክረው፦ ሰሜን ደቡብ፣ ምሥራቅ ምዕራብ፣ ሁለቱ ደግሞ በመሃል አግድም። ይህ ምድርን ከመንጠቆው የምትለይበት መንገድ ነው። የመንጠቆ ስህተት አቅጣጫ ይመርጣል። በአንዱ መስመር ይፈጥናል፣ በአንዱ ይቆማል፣ በአንዱ ወደኋላ ይዞራል። ምድር ግን አትመርጥም። በየትኛውም አቅጣጫ ብትለቀው በሰዓት ያው 2.4 ዲግሪ ነው፣ ያው በሰዓት አዟዟር። አራቱን አማካይ ስታወጣው የመንጠቆው ስህተት አብዛኛው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሙዚየም ውስጥ የሚሰቀሉት ከላይ ሽቦውን የሚከብ ቀለበት የሚደረግላቸውም ለዚሁ ነው፤ ሽቦው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀለበቱን እየነካ ወደ ጎን ያለው እንቅስቃሴ ይሞታል። ለሰዓታት እንዲወዛወዝም ኤሌክትሮማግኔት ይረዳዋል። አንተ ለአንድ ሰዓት ብቻ ስለምትፈልገው ያለ እነሱ ይሆንልሃል።

አሎሎውን ሰቅለህ ሳለ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር መለካት ትችላለህ። 100 ውዝዋዜ ቆጥረህ ጊዜውን ያዝ፣ ከእሱም የስበትን ፍጥንጥነት አስላ። 9.77 ገደማ ማግኘት አለብህ። ፓሪስ ላይ 9.81 ነው። በ1672 ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ ከፓሪስ ወደ ካየን፣ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ወደ ምድር ወገብ አካባቢ፣ የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ሄዶ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲዘገይበት ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። የምትዞር ምድር ወገቧ ላይ ትወፍራለች፣ መዞሯም ክብደትን ትንሽ ያቃልላል። እኛ ላይ ደግሞ የከተማችን ከፍታ ይጨመርበታል። ስለዚህ ፓሪስ ላይ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት አዲስ አበባ ቢመጣ እንደ ሪሼው ሰዓት በቀን ከ2 ደቂቃ በላይ ወደኋላ ይቀራል። መዞሩንም፣ መዞሩ በምድር ቅርጽ ላይ ያደረገውንም ያው አንድ አሎሎ ያሳይሃል።

የአራቱን አቅጣጫ ቁጥር ስታገኝ ላክልኝ። አማካዩ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ መካከል ከሆነ፣ አራቱም በሰዓት አዟዟር ከሆኑ፣ ምድርን ነው ያየኸው። አንዱ ብቻ እምቢ ካለህ ቁጥሩን አትጣለው፤ ሽቦውን የያዝክበትን ቦታ ፎቶ አንስተህ አብረህ ላከው።